ስቴፕለርዎ ስለ ሽጉጥ ምን ያውቃል?

ጠረጴዛዎ ላይ ያለውን ስቴፕለር እስቲ ያንሱና ሆዱን ይክፈቱት። ሽቦዎቹ በቦዩ ውስጥ ተሰልፈዋል፤ ከኋላቸው ደግሞ የሚገፋቸው ቀጭን ሞላ አለ። መግፊያውን በጣትዎ ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ይልቀቁት፤ ሽቦዎቹን እየነዳ ወደ ፊት ይመለሳል።

አሁን ይዝጉትና ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ይጫኑት። አንድ ሽቦ ወጣ። የሚቀጥለውም ማንም ሳይነካው ቦታውን ያዘ። ተጭነው ቢቆዩ ሁለተኛ ሽቦ አይወጣም፤ መዳፍዎን አንስተው እንደገና መጫን አለብዎት።

በፖሊስ ወገብ ላይ የሚያዩት ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥም ሥራው ግማሽ በግማሽ ይኸው ነው። ቃታው አንድ ጊዜ ሲሳብ አንድ ጥይት ይተኮሳል፤ ቀጣዩ ተራውን ይይዛል፤ ጣት ቃታውን ለቆ እንደገና ካልሳበ ግን ምንም አይተኮስም። የሚለያዩት በጉልበቱ ምንጭ ነው። ስቴፕለሩን የሚያሠራው የእርስዎ መዳፍ ነው፤ ሽጉጡን ለቀጣዩ ጥይት የሚያዘጋጀው ግን የራሱ ርግጫ ነው።

ዛሬ ይህን ማሽን አብረን እንየው። ለሙከራው ሽጉጥ አያስፈልግም፤ ስቴፕለር፣ ጠቅ የሚል እስክሪብቶ፣ ፊኛና የመስታወት ማጽጃ ስፕሬይ ይበቁናል። መጨረሻ ላይ ሽጉጥ ባለበት ቤት ሁሉ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነገር ስላለ እስከዚያ አብረን እንዝለቅ።

ሞላው

መኪና ያለው ሰው ሞላ የሚለውን ቃል ከጋራዥ ያውቀዋል። ከጣልያንኛ የወረስነው ቃል ነው። ሽጉጥ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ሦስት ሞላዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ካዝናው ውስጥ ያለው ነው። ካዝና፣ አንዳንዶች ካርታ የሚሉት፣ ጥይት የሚሞላበትና በእጀታው ውስጥ የሚገባው ሳጥን ነው። እንደ ስቴፕለሩ ቦይ ያስቡት፤ ልዩነቱ ቆሞ መሥራቱና ወደ ላይ መግፋቱ ነው። ሁለተኛው ከበርሜሉ በታች ተኝቶ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ቦታው የሚመልሰው ነው። ሦስተኛው መቺውን መርፌ ወደ ፊት የሚወረውረው ወይም መዶሻውን መርፌው ላይ የሚጥለው ነው።

ስቴፕለሩን ጢም አድርገው ሲሞሉት መግፊያው ለጣትዎ ከበድ ይላል፤ ጥቂት ሽቦ ሲቀር ይቀላል። ካዝናም እንዲሁ ነው። 17 ጥይት በሚይዝ ካዝና ውስጥ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥይቶች ለማስገባት አውራ ጣት ይደክማል። ያ የጣት ድካም የትም አልጠፋም፤ ሞላው ውስጥ ተቀምጦ በኋላ ጥይቶቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ ለመግፋት ይውላል።

ርግጫው

ፊኛ ነፍተው አፉን ሳያስሩ ይልቀቁት። አየሩ ወደ አንድ በኩል ሲወጣ ፊኛው ወደ ሌላው በኩል ይበራል። የሽጉጥ ርግጫም ከዚህ የተለየ ምስጢር የለውም፤ አንድ ነገር ወደ ፊት ሲወረወር የወረወረው ነገር ወደ ኋላ ይገፋል።

ድሮ ይህ ርግጫ የተኳሹን ትከሻና እጅ ከመጉዳት ሌላ ጥቅም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1884 ግን አሜሪካ ተወልዶ ለንደን የሠራው ሂራም ማክሲም ርግጫውን ሥራ አስገባው፤ መትረየሱ በራሱ ግፊት እየጎረሰ፣ ቀለሁን እየተፋ መተኮስ ቻለ። ከእርሱ በኋላ ይህን ሐሳብ በወገብ በሚታጠቅ መሣሪያ ውስጥ ለማስገባት ብዙዎች ደከሙ። እስከ ዛሬ በብዙ ሽጉጦች ውስጥ የምናገኘውን መልስ የሰጠው ጆን ብራውኒንግ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። የተለመደው የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ አረር 8 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። አፈሙዙን ሲለቅ በሰከንድ ወደ 350 ሜትር ይጓዛል፤ ከድምፅ ይቀድማል። ተንሸራታቹና በርሜሉ አንድ ላይ ግማሽ ኪሎ ገደማ ቢሆኑ፣ ያቺ ሁለት ማንኪያ ስኳር የምታህል አረር ግማሽ ኪሎውን ብረት በሰከንድ 6 ሜትር ገደማ በሚሆን ፍጥነት ወደ ኋላ ትገፋዋለች፤ ሰው ፈጠን ብሎ ሲሮጥ የሚኖረው ፍጥነት ነው።

ክዳኑን ቶሎ አይክፈቱ

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፤ ለማስረዳት ፕሬዠር ኩከርዎን ልዋስ።

ሽምብራ በፕሬዠር ኩከር ቀቅለው ሲጨርሱ ክዳኑን ወዲያው አይከፍቱም። እንፋሎቱ እስኪወጣ ይጠብቃሉ፤ ካልጠበቁ ሽምብራው ኮርኒስ ላይ ነው። በ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ውስጥ ባሩዱ ሲነድ ደግሞ ግፊቱ ከምንተነፍሰው አየር ግፊት ከ2,000 እጥፍ በላይ ሊደርስ ይችላል። ተንሸራታቹ በዚያች ቅጽበት ቢከፈት ቀለሁ ይፈነዳል።

የቀለሁ ናስም የራሱ ብልሃት አለው። ግፊቱ ሲያይል ትንሽ ለጠጥ ብሎ ከበርሜሉ ግድግዳ ጋር ይጣበቅና ጋዙ ወደ ኋላ እንዳያፈተልክ ይዘጋል፤ የፕሬዠር ኩከሩ ጎማ የሚሠራውን ሥራ ማለት ነው። ግፊቱ ሲወርድ መልሶ ትንሽ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ሳይቸገር ይወጣል።

ታዲያ «እንፋሎቱ እስኪወጣ» የሚጠብቀው ማን ነው? የብራውኒንግ ዘዴ የግቢ በርዎን መወርወሪያ ይመስላል። መወርወሪያው ጆሮው ከጎድጓዳው ካልወጣ አይንሸራተትም፤ መጀመሪያ ጆሮውን ያነሳሉ፣ ከዚያ ይስባሉ። ሽጉጡ ውስጥም በርሜሉና ተንሸራታቹ በጥርስ ተቆላልፈዋል። ሲተኮስ ሁለቱ ተያይዘው ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳሉ። በዚያች አጭር ጉዞ መጀመሪያ ላይ አረሩ አፈሙዙን ለቆ ሄዷል፤ ጋዙም ተከትሎት ወጥቷል። ከዚያ የበርሜሉ የኋላ ጫፍ ዝቅ ይላል፣ ጥርሱ ይላቀቃል፣ ተንሸራታቹም ብቻውን ጉዞውን ይቀጥላል።

ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም። በጎኑ ያለች ትንሽ የብረት ጥፍር ቀለሁን ከጠርዙ ይዛ ትጎትተዋለች። ቀለሁ አንድ የቆመ ብረት ላይ ተጋጭቶ ወደ ቀኝ ይወረወራል። ተንሸራታቹ መጨረሻው ላይ ሲደርስ የተጨመቀው ሞላ ይመልሰዋል፤ ሲመለስም ካዝናው አናት ላይ ተራ የሚጠብቀውን ጥይት ገፍቶ በርሜሉ ውስጥ ያስገባዋል። ይህ ሁሉ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

ብራውኒንግ ይህን ሥራ ያስፈተነው በዋዛ አልነበረም። የአሜሪካ ጦር አዲስ ሽጉጥ ሲመርጥ ናሙናውን 6,000 ጥይት አስተኮሰው፤ ሲግል ውሃ ውስጥ እየነከሩ አቀዘቀዙት። አንድ ጊዜም ሳይነክስ፣ ማለትም ጥይት ወይም ቀለህ ሳይቀረቀርበት፣ ጨረሰ። ጦሩ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1911 ተቀበለው፤ ዋና ሽጉጡም አድርጎ እስከ 1985 ተገለገለበት።

የእጅዎ ድርሻ

አሁን ጠቅ የሚለውን እስክሪብቶ ያንሱ። በሁለት ጣት ልል አድርገው ያንጠልጥሉትና በሌላው እጅ ጣት አናቱን ይጫኑት። ጠቅ አላለም፤ በጣቶችዎ መካከል ተንሸራቶ ወረደ። አሁን ጠበቅ አድርገው ይያዙትና ይድገሙት። ጠቅ!

ሞላው ያው ነው፣ እስክሪብቶውም ያው ነው፤ የተለወጠው አያያዝዎ ነው። ሞላ እንዲጨመቅ አንድ ነገር መግፋት፣ ሌላው ነገር ደግሞ አልነቃነቅም ብሎ መቆም አለበት።

ሽጉጥም እንዲሁ የሚደገፍበት ይፈልጋል። ተንሸራታቹ ወደ ኋላ ሲሄድ እጀታው ባለበት መቆም አለበት። የተኳሹ አንጓ ልል ከሆነ እጀታውም አብሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሞላው በቅጡ ሳይጨመቅ ይቀራል፤ ተንሸራታቹ ሙሉ መንገዱን ሳይሄድ ይመለስና ቀለሁን በር ላይ ይነክሰዋል። አዲስ ሰልጣኝ «ይህ ሽጉጥ ይነክሳል» ብሎ ሲያማርር ልምድ ያለው አሰልጣኝ ሽጉጡን ተቀብሎ ይተኩስበታል፤ በእርሱ እጅ አይነክስም። ስለዚህ እጅዎ የማሽኑ አንድ ክፍል ነው ማለት ይቻላል፤ አምራቹ ሊሠራው ያልቻለው ክፍል።

በሥራና በውድድር ሲያረጅ

ሽጉጥ ሁለት ዓይነት ዕድሜ ይኖራል። አንዱ በሥራ ላይ ነው፤ ለዓመታት በወገብ ላይ ይዞራል፣ አብዛኛውን ጊዜም ዝም ይላል። ሌላው በውድድር ሜዳ ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ጥይት ይተኩሳል። ሁለቱም ያረጃሉ፤ አረጃጀታቸው ግን ይለያያል።

የሥራውን ሽጉጥ የሚጎዳው አቧራ፣ ላብና የልብስ ብናኝ ነው። የተቀባው ዘይት ሳይታወቅ ይደርቃል። ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ባለሽጉጡ ጠዋት ያቀባብላል፣ ማታ ያወጣል፤ በማግሥቱም ያንኑ የላይኛውን ጥይት መልሶ ያስገባል። ያ አንድ ጥይት በየቀኑ አፍንጫውን ሲመታ አረሩ ቀስ በቀስ ወደ ቀለሁ ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል። የውስጡ ቦታ ሲጠብ ደግሞ ሲተኮስ ግፊቱ ከልክ ያልፋል። ልምድ ያላቸው ሰዎች የላይኛውን ጥይት ከሌሎቹ ጎን አድርገው ቁመቱን ያስተያያሉ፤ አጥሮ ካገኙት ያስወግዱታል።

የውድድሩን ሽጉጥ የሚያደክመው መመላለስ ነው። ካላመኑ የእስክሪብቶዎን ሞላ ያውጡትና በሁለት ጣት ጨምቀው ይልቀቁት፤ ወደ ቁመቱ ይመለሳል። ከልኩ አልፈው ቢስቡት ግን አይመለስም። በደንብ የተሠራ የካዝና ሞላ ተጨምቆ መቀመጥን ይችላል፤ በሺዎች ጊዜ መጨመቅና መለቀቅ ነው የሚያደክመው። ስለዚህ ተወዳዳሪዎች የተኮሱትን ጥይት እየቆጠሩ በየጥቂት ሺህ ጥይቱ ሞላ ይለውጣሉ፤ እርስዎ የመኪናዎን ዘይት በኪሎ ሜትር እንደሚለውጡት።

ካዝናዎቻቸው ላይም 1፣ 2፣ 3 እያሉ ቁጥር ይጽፋሉ። ሽጉጡ ሲነክስ መጀመሪያ የሚያዩት የትኛው ካዝና እንደነበረ ነው። ቁጥር 3 በተደጋጋሚ ከተገኘ ሽጉጡን ሳይፈቱ ችግሩን አገኙት። ካዝና አሸዋ ላይ ይወድቃል፣ ከንፈሩ ይጣመማል፣ ሞላው ይደክማል። ውዱ ብረት ሳይጎዳ ርካሹ ሞላ ሥራውን ያቆማል።

የጤፍ ፍሬና ስንዝር

አሁን የመስታወት ማጽጃውን ስፕሬይ ይዘው ወደ መታጠቢያ ቤት ይግቡ። ሴራሚኩ ላይ አንዲት ነጥብ ይምረጡ። አነጣጥረው ቃታውን በድንገት ይመንጩት፤ አፉ ወደ ታች ሲነቀነቅ ያዩታል። አሁን በጣም በዝግታ፣ ሌላው ጣትዎ ሁሉ ሳይንቀሳቀስ ይሳቡት። የስፕሬዩ ጀርባ ጠፍጣፋ ከሆነ የአንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጡበትና ሳንቲሙ ሳይወድቅ ለመርጨት ይሞክሩ።

ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ጥሩ ተኳሾች በባዶ ሽጉጥ፣ ጥይት በሌለበት ክፍል፣ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ ሳንቲም አስቀምጠው ለዓመታት ይለማመዱታል።

ይህን ያህል የሚደክሙበትን ምክንያት ስሌቱ ይነግረናል። በተለመደ የሥራ ሽጉጥ ላይ ከኋላው እስከ ፊተኛው ማነጣጠሪያ ያለው ርቀት 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ጣት ቃታውን ሲመነጭቅ የፊተኛው ጫፍ አንድ ሚሊ ሜትር፣ ማለትም አንድ የጤፍ ፍሬ ያህል ቢያዘነብል፣ 25 ሜትር ላይ ካለ ኢላማ 15 ሴንቲ ሜትር ይስታል። እጅ ላይ የጤፍ ፍሬ፣ ኢላማው ላይ ስንዝር ሊሞላ የቀረበ።

ይህን ጥበብ ከሁሉ በላይ ያሳየ ሰው ሃንጋሪያዊው ወታደር ካሮይ ታካች ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 በልምምድ ላይ ቦምብ እጁ ላይ ፈነዳና የሚተኩስበት ቀኝ እጁ ተጎዳ። ሆስፒታል ከወጣ በኋላ ማንም ሳያውቅ በግራ እጁ መለማመድ ጀመረ። በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ በ25 ሜትር ፈጣን የሽጉጥ ተኩስ ወርቅ አገኘ፤ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ደገመው። በዚህ ውድድር በጣም ፈጣኑ ዙር በ4 ሰከንድ ውስጥ አምስት ኢላማዎችን መምታት ይጠይቃል። ታካች ግራ እጁን እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ጀምሮ አስተማረው።

ሮቶው ተዘግቶም ቧንቧው ውሃ አለው

አሁን ወደ ቃሌ ልመለስ። ውሃ ሲጠፋ ከሮቶ የሚጠቀሙ ከሆነ ይህን ይሞክሩ፤ የሮቶውን መዝጊያ ይዝጉና ወደ ማድቤት ገብተው ቧንቧውን ይክፈቱ። ውሃ ወረደ! ሮቶው ተዘግቷል፤ በመንገዱ ላይ የነበረው ውሃ ግን የትም አልሄደም።

ካዝናው ሮቶው ነው፤ በርሜሉ ቧንቧው ነው። ተንሸራታቹ ሲመለስ አንድ ጥይት ገፍቶ በርሜሉ ውስጥ እንደሚያስገባ አይተናል። ያ ጥይት ከዚያ በኋላ የካዝናው አይደለም። ካዝናውን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጡት፣ እርሱ በርሜሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቃታውን ይጠብቃል። አንዳንድ ሽጉጦች ካዝና ከሌለ አይተኩሱም፤ ብዙዎቹ ግን ይተኩሳሉ።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ካዝናው እንዳለ ተንሸራታቹን ስበው ጥይቱን ቢያወጡት፣ ሲለቁት ሌላ ጥይት ጎርሶ ይመለሳል። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፤ ከዚያ ተንሸራታቹ ይሳባል፤ ከዚያ በርሜሉ በዓይን ይታያል፣ በጣትም ይዳሰሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዞራል፣ ጣትም ከቃታው ውጭ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ኮሎምቢያ ከተማ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የተግባር ተኩስ ኮንፌዴሬሽን በሚያዘጋጃቸው ውድድሮች አንድ የማይታለፍ ሥርዓት አለ። ተኳሹ ሲጨርስ ዳኛው ሽጉጡን ባዶ አድርጎ እንዲያሳየው ያዘዋል። ተኳሹ ካዝናውን ያወጣል፣ ተንሸራታቹን ይስባል፤ ዳኛውም ቀርቦ በርሜሉን በገዛ ዓይኑ ያያል። የዓለም ሻምፒዮን ቢሆን፣ ሠላሳ ዓመት ቢተኩስም ያሳያል። «ባዶ ነው» ብሎ መናገር አይበቃም።

ረጅም ልምድ ያላቸውን ሰዎች ከሌላው የሚለያቸው ይህ ነው። ልምዳቸው ማየትን አላስተዋቸውም፤ እንዲያውም ዘወትር እንዲያዩ አደረጋቸው።

በቤትዎ በሕግ የተፈቀደ ሽጉጥ ካለ፣ ወይም የሚታጠቅ ወንድም፣ ባል ወይም ጎረቤት ካለዎት፣ ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ስቴፕለሩንና ሮቶውን አንስተው ይህችን ይንገሯቸው፤ ካዝናው ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። ለልጆችም ይንገሯቸው፤ ሽጉጥ ካዩ አይንኩ፣ ትልቅ ሰው ይጥሩ። የሚታጠቀው ሰው ደግሞ ቤት በገባ ቁጥር መጀመሪያ ካዝናውን ያውጣ፣ ተንሸራታቹን ይሳብ፣ ይይ፣ ይዳስስ፤ ከዚያም ሽጉጡንና ጥይቱን ለየብቻ ይቆልፍ።